ነገርን ከሥሩ፦ በጅቡቲ የሉቃስን ወንጌል ለምታነቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደዚህች የባሕር ዳር ከተማ የመጣችሁ ሁሉ፣ የካምሲን ነፋስ አሸዋውን ፊት ላይ እየረጨ ሰውን ሁሉ ቤት በሚያስገባበት በዚህ ወራት ሰብሰብ ብለን መነጋገራችን ደግ ነው። ዛሬ የምመክራችሁ ስለ ሥራ አይደለም፤ ስለ ገንዘብም አይደለም። ስለ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሉቃስ ወንጌል። ብዙዎቻችሁ ዘንድ አለ። ትራስ ሥር አለ፣ ከተሳቢው መሪ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ በየስልኩም ውስጥ አለ። መኖሩ መልካም ነው። እኔን ያሳሰበኝ አነባበባችን ነው።

አነባበባችን ቁርጥራጭ ሆኗል። አንዱ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ አንድ ቁጥር ይመርጥና ለወዳጆቹ ሁሉ ይልካል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይመለስበትም። ሌላው ለክርክር የሚወረውረውን ቁጥር ብቻ ያጠናል። ሌላዋ ክፉ ሕልም ባየች ሌሊት መጽሐፉን ራስጌዋ ታደርገዋለች እንጂ አትገልጠውም። ይህን ስል የማንንም እምነት አልነቅፍም፤ መጽሐፉን ማክበር የእናቶቻችን ወግ ነው። አባቶች ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። መጽሐፉን መያዝ እንደ መጠምጠሙ ነው፤ ምን ሊል እንደተጻፈ ማወቅ ደግሞ መማሩ ነው።

ስልክ በየኪሱ ባልነበረበት ዘመን የሀገር ቤት ደብዳቤ ወደዚህ የሚመጣው በባቡር ነበር። ያ ባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ባቡር ነው። የእናት ደብዳቤ ሲደርስ ማንም ከመሐሉ አንድ መስመር ቀዶ አውጥቶ ሌላውን አይጥልም። ከሰላምታው ይጀመራል፤ ለማን እንደተጻፈ ይታያል፤ የጤናው፣ የእህሉ፣ የከብቱ፣ የተወለደው፣ የሞተው በየተራው ይነበባል፤ መጨረሻ ላይ እናት የፈለገችው ነገር ይገኛል። መሐል ላይ ላሚቱ ሞተች የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው ያለቅሳል፤ እስከ ታች የዘለቀው ግን ጥጃዋ መትረፏንና እኅቱ መዳሯን ያገኛል። ወንጌልንም እንዲሁ ከሰላምታው እስከ ፊርማው አንብቡት ነው የምላችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

የሉቃስ ሰላምታ አጭር ናት፤ አራት ቁጥር ብቻ። ቀድመውት ብዙዎች ታሪኩን ሊያዘጋጁ እንደሞከሩ ይናገራል። ነገሩ ከመጀመሪያው በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ያስተላለፉት መሆኑን ይገልጣል። እርሱም ሁሉን ከሥሩ ተከታትሎ በተራ ሊጽፍ መነሣቱን ያስታውቃል። ለማን? ቴዎፍሎስ ለሚባል የከበረ ሰው። ለምን? ይህ ሰው አስቀድሞ የተማረውን ነገር እርግጠኛነቱን እንዲያውቅ። የመጽሐፉ ዓላማ ይኸው ነው። ሉቃስ የጻፈው ጨርሶ ላልሰማ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰምቶ፣ ተምሮ፣ ነገር ግን እግሩን የሚያሳርፍበት ጽኑ መሬት ለሚፈልግ ሰው ነው። እኛስ ከዚህ የተለየን ነን? በልጅነታችን በጥምቀት፣ በዕጣን ሽታ፣ በእናት ጀርባ ላይ ሆነን የተቀበልነው እምነት አለ። ከሀገር ርቀን፣ ብቻችንን ሆነን፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳን ግን ያ የሰማሁት ነገር እውነት ነውን ብለን የምንጠይቅበት ሰዓት ይመጣል። የመጽሐፉ ሰላምታ ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

ሉቃስ ማን ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ የተወደደ ሐኪም ብሎ የጠራው የጉዞ ባልደረባው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በጥቅምት 22 ታስበዋለች፤ የእመቤታችንን ሥዕል የሣለ ነውም ተብሎ ይነገርለታል። ሠዓሊዎቻችን አራቱን ወንጌላውያን በአራቱ እንስሳ ሲመስሉ ሉቃስን በገጸ ላህም ይመስሉታል፤ ወንጌሉ በቤተ መቅደስ፣ ዕጣን በሚያጥነው በካህኑ በዘካርያስ ይጀምራልና። የሚያልቀውም ደቀ መዛሙርቱ በዚያው በቤተ መቅደስ እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሉቃስ ከአሥራ ሁለቱ ወገን አይደለም። ያየ ሰው ሳይሆን ያዩትን የጠየቀ ሰው ነው። የሚያውቁትን ፈልጎ፣ መርምሮ፣ በተራ አስቀምጦ ጻፈ።

ይህ የሉቃስ ጠባይ ለእናንተ በራሱ አንድ ትምህርት ነው። በዚህች ከተማ ወሬ ከነፋሱ ይፈጥናል። ደላላው ማሻገሪያው ቀላል ነው፣ ባሕሩ አጭር ነው፣ ማዶ ሥራ ሞልቷል ይላል፤ ልጁ ሳይጠይቅ ይነሣል። ባሕሩን ያየው ማን ነው? ማዶውን ኖሮ የተመለሰው ማን ነው? ብሎ ከዓይን ምስክር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ነው። ወንጌላዊው በእግዚአብሔር ነገር እንኳ ያዩትን ሳይጠይቅ ብዕሩን ካላነሣ፣ እኛ በደላላ ቃል ነፍሳችንን በጀልባ መጫን አይገባንም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ውስጥ እንግባ። የሉቃስን ወንጌል ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው መንገድ እንደሚበዛበት ያያል። እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ትወጣለች፤ ዮሴፍ ለቆጠራ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ሕፃኑ ለእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አጥቶ በግርግም ይተኛል። በምዕራፍ 9 መጨረሻ አካባቢ ጌታችን ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያቀናል። ከዚያ እስከ ምዕራፍ 19 ድረስ ነገሩ ሁሉ ጉዞ ነው። ትምህርቱም፣ ፈውሱም፣ ማዕዱም በመንገድ ላይ ነው። በኢያሪኮ ሲያልፍ ዘኬዎስን ያገኛል፤ ከትንሣኤው በኋላ እንኳ ወደ ኤማሁስ ከሚሄዱ ሁለት ልባቸው ከተሰበረ ሰዎች ጋር እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይራመዳል። እኛ ከጋላፊ በዲኪል በኩል የወረድን፣ በጥንቱ ባቡር የመጣን፣ በ2009 ዓ.ም በተመረቀው በአዲሱ ባቡር ነጋድ ጣቢያ የወረድን ሰዎች ይህን መጽሐፍ የራሳችን አድርገን ብናነበው አያስደንቅም።

በዚህ ሁሉ መንገድ ጌታችን የሚፈልገው የጠፋውን ነው። በናዝሬት ምኵራብ መጀመሪያ ሲያስተምር የምሥራቹ ለድሆች፣ ለታሰሩት፣ ለተጠቁት መሆኑን ከኢሳይያስ መጽሐፍ ገልጦ አነበበ። ወዲያው በኤልያስ ዘመን እግዚአብሔር የባዕድ አገሯን የሰራፕታን መበለት፣ በኤልሳዕም ዘመን ሶርያዊውን ንዕማንን እንዳሰበ አነሣባቸው። የሀገሩ ሰዎች በዚህ ተቈጥተው ከገደል ሊጥሉት ወሰዱት። በምዕራፍ 4 ገና ከመነሻው የመጽሐፉ ነገር ተገልጧል፤ ምሕረቱ ከአጥራችን ውጭ ይሄዳል፤ አጥር የለመደ ሰው ደግሞ ይቈጣል።

እኔ ከሁሉ ይልቅ ዕድሜ ሰጥቼ የማነበው ምዕራፍ 15ን ነው። ሁላችሁም የጠፋውን ልጅ ታሪክ ታውቃላችሁ። ግን ለማን ተነገረ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መልሱ በምዕራፉ መግቢያ ላይ አለ። ቀራጮችና ኃጢአተኞች ሊሰሙት ቀርበው ነበር፤ ፈሪሳውያንና ጻፎች ደግሞ ይህ ሰው ከእነዚህ ጋር ይበላል ብለው አንጐራጐሩ። ሦስቱ ምሳሌዎች የተነገሩት ለሚያንጐራጉሩት ነው። ከመቶ በግ አንዷ ጠፋች፤ ከአሥር ብር አንዷ ጠፋች፤ ከሁለት ልጆች አንዱ ጠፋ። ቍጥሩ እያነሰ ሲሄድ ነገሩ ወደ ልብ እየቀረበ ይመጣል። ሴቲቱ ስለ አንዲት ብር መብራት አብርታ ቤቱን ስትጠርግ በሰው ቤት የምትሠሩ ልጆቼ ድካሟን ታውቁታላችሁ፤ ከአልጋው ሥር፣ ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ከበሩ ኋላ።

ልጁ ሩቅ አገር ሄደ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ረሃብ ገባ፤ እሪያ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ልቡ ተመለሰ። ልመለስ ሲል ለአባቱ የሚናገረውን ቃል እያዘጋጀ ነበር፤ ልጅነቱን ሳይሆን ቅጥረኝነትን ሊለምን። አባት ግን ገና በሩቅ ሳለ አየው። በሩቅ ያየው መንገዱን ሲመለከት ስለኖረ ነው እላለሁ። ሮጦ አንገቱን አቀፈው፤ ልብስ፣ ቀለበት፣ ጫማ አስመጣለት፤ የሰባው ፍሪዳ ታረደ። ምን ይዘህ መጣህ አላለውም።

ምን ይዤ ልግባ የሚለው ቃል ስንቱን ልጃችንን ከዚህ አስቀርቶታል! በባልባላ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ዓመት የቈጠሩ፣ ወደ ሀገር ለመመለስ የሚያግዳቸው ባዶ እጃቸው ብቻ የሆነ ልጆች አሉ። በ2016 ዓ.ም በመጋቢት ማለቂያና በሚያዝያ አጋማሽ ከኦቦክ በስተሰሜን ባለው የጎዶሪያ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ተከታትለው ተገልብጠው ብዙ ወገኖቻችን እንዳለቁ ሰምታችኋል። እነዚያ ወደ ማዶ የሚሄዱ አልነበሩም፤ ከየመን ወደ ኋላ የሚመለሱ ነበሩ። መከራው በቅቷቸው ቤቴ ብለው የተነሡ ነበሩ። ምዕራፍ 15ን ባነበብሁ ቍጥር እነርሱን አስባለሁ። ስለዚህ በሀገር ቤት ላላችሁ አባቶችና እናቶችም ቃሌን አድርሱልኝ፤ ልጃችሁ ባዶ እጁን ቢመጣ ደጃችሁ ይከፈትለት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እናንተ ከምሳረኞቹ ወገን አትሁኑ።

ነገር ግን ምሳሌው እዚህ ላይ አይቆምም፤ ለሚያንጐራጉሩት ተነገረ ብያችኋለሁና። ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈን ድምፅ ሰምቶ ከውጭ ቆመ። አልገባም አለ። አባት ለእርሱም ወጣ፤ ለመነውም። ገባ ወይስ ቀረ? ወንጌሉ አይነግረንም፤ ምሳሌው ታላቁ ልጅ በደጅ እንደቆመ ያበቃል። ልጆቼ፣ ይህ ቦታ የእኔ ነው፤ የእናንተም ነው። ሥራ የያዝን፣ የመኖሪያ ወረቀት ያለን፣ በማኅበሩ የተከበርን፣ በፍራንክ የምንቈጥር ሰዎች፣ ያች ልጅ እንዲህ ሆነች፣ ያ ልጅ በጫት ወደቀ እያልን ከውጭ የቆምን ጊዜ ታላቁ ልጅ እኛ ነን። ምዕራፉን ለማን እንደተነገረ ሳይጠይቅ የሚያነብ ሰው ምክሩን ሁልጊዜ ለሌላው ይሰጠዋል።

ደጉን ሳምራዊ በምዕራፍ 10 ታገኙታላችሁ። ያም መንገድ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ፣ በረሃማ፣ ወንበዴ የሚያደባበት። ካህኑ አይቶ አለፈ፤ ሌዋዊው አይቶ አለፈ። ሳምራዊው ከሌላ ወገን ነው፤ ከአይሁድ ጋር በእምነት የማይስማማ፣ አብሮ የማይበላ። ዘይትና የወይን ጠጅ በቍስሉ አፈሰሰ፤ በራሱ አህያ ላይ ጫነው፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ሐኪሙ ሉቃስ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጻፈልን፤ የቍስል ነገር ያውቃልና። ምሕረት በእንባ ብቻ እንዳይቀር፣ ዘይት እንዲኖረው፣ የጭነት ከብት እንዲኖረው፣ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ እንዲኖረው።

ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆቻችንን በዚያ በረሃ ውሃ ያጠጧቸው የአፋርና የሶማሌ እናቶች፣ ሙስሊሞች ናቸው። በምን ቋንቋ እንደሚጸልዩ ሳይጠይቁ ጀሪካናቸውን ያዘነበሉላቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላል ያገራችን ሰው። ሳምራዊውን የምታነቡ ሁሉ በዚህ ሀገር ባለቤት ሕዝብ ፊት በወንጌል ስም ክፉ ቃል እንዳታወጡ። እኛም በየዕድራችን ለሬሳ መላኪያ የምናዋጣውን ያህል በሕይወት ሳለ ለወደቀው ሰው ማሳከሚያና መሳፈሪያ እናዋጣ። ሞቶ ከመሸኘቱ በፊት አልጋ ላይ ሳለ እንድረስለት።

ስለ ዘኬዎስ በአጭሩ ልናገር። የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብታም ነበር፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ሾላ ላይ ወጣ። ጌታችን ዛሬ በቤትህ እውላለሁ ብሎ አወረደው። እኛ ዘንድ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ተረት አለ። ብዙ ሰው ይጠራዋል፤ እኔ ግን ለልጆቼ አላወርሰውም። ዘኬዎስ ሲሾም በልቶ ነበር፤ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቆመ። የእርቁ ምልክት የሆነው መመለሱ ነው። ከመካከላችሁ የሰው ልጅ በማሻገር ፍራንክ ያገኘ ቢኖር፣ ለቤተ ክርስቲያን ሻማ በማምጣት ብቻ አይታለፍም። ያታለልኸውን ፈልግ፤ የወሰድኸውን መልስ።

አልዓዛርና ባለጠጋው በምዕራፍ 16 ናቸው። ያን ባለጠጋ አልዓዛርን መታ አይልም መጽሐፉ፤ ሰደበውም አይልም። በደጁ ተኝቶ ሳለ አላየውም፤ በደሉ ይኸው ነው። መርከቡ በሚራገፍባት፣ ዕቃው ሌሊትና ቀን ወደ ሀገራችን በሚጫንባት ከተማ የምንኖር ሰዎች ደጃችንን እንይ።

ሴቶች ልጆቼ ደግሞ ሉቃስ ስለ እናንተ ምን ያህል እንደጻፈ አስተውሉ። የናይኗን መበለት፣ ያለማቋረጥ ዳኛውን የጨቀጨቀችውን መበለት፣ ጀርባዋ የጎበጠውን ሴት የጻፈልን እርሱ ነው። ከጌታ ጋር እየዞሩ በገንዘባቸው ያገለገሉትን ዮሐናንና ሶስናን በስማቸው ጠርቷቸዋል። በሰው ቤት ስማችሁ ተረስቶ በሥራችሁ ብቻ የምትጠሩ ልጆች፣ ይህ መጽሐፍ ስም ይጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሉቃስ ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፏል፤ እርሱም ለዚያው ለቴዎፍሎስ የጻፈው የሐዋርያት ሥራ ነው። በምዕራፍ 8 የእኛ ሰው አለ፤ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሟል፣ ጃንደረባው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው ምድረ በዳ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ ይገባሃልን ብሎ ሲጠይቀው አልተቈጣም፤ የገንዘብ ሹም ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ አላለም። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆናል ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው። የጠየቀውም ጥያቄ ዋና ነው፤ ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል አለ። ምዕራፍ 15 ለማን ተነገረ ብለን የጠየቅነው የዚህ የአባታችን ጥያቄ ወንድም ነው። አባቶቻችን በንባብ ቤት ፊደሉን፣ ዳዊቱን ካስጠኑ በኋላ ለትርጓሜው ሌላ ጉባኤ፣ ሌላ መምህር፣ ብዙ ዓመት የሰጡት በከንቱ አልነበረም። የሐዲሳት መምህር አንዱን ቃል አንድም እያለ ሲያፍታታ የዋለው፣ ቍጥር ነጥቆ መሮጥ ነፍስን ስለሚያሳስት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው። እዚህ ሀገር ዕረፍቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ ብዙዎቻችሁ በሥራ ላይ ናችሁ። በየዓርቡ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ብናነብ በአሥራ ሁለት ዓርብ እንጨርሳለን። ማንበብ የሚችል ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማይችለው ያንብብ፤ ካህኑ ይተርጉሙልን፤ ያልገባው ይጠይቅ፤ ክርክር አናነሣም። ወደ ሞጆና ወደ አዳማ ጭነት ይዛችሁ የምትወጡ ሹፌሮች የቆማችሁበትን ምዕራፍ አስታውሱና በመንገድ እረፍት ላይ ቀጥሉ፤ ስትመለሱ ከእኛ ጋር ትገጥማላችሁ። ሰባት ዓርብ አልፎ በስምንተኛው 15ና 16 ይደርሳሉ፤ ለዚያ ቀን ከቤቱ ጋር ከተኰራረፈ ልጅ ጋር የምትኖሩ ይዛችሁት ኑ። የመጀመሪያው ዓርብ ምዕራፍ 1ና 2 ነው። አንደኛው ረጅም ነው፤ 80 ቍጥር አለው፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ ቀደም ብላችሁ ኑ።